በአለቀ-በሉት ድምፅ

ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከነአቧራው እውነት ነው። ቅንጣት ታህል የጨመረበት ሰው ካለ ከዛሬ ጀምሮ የነካው ሽቦ ሁሉ ይንዘረው፣ የበየደው ሁሉ ይላቀቅበት፣ ጠግኖ ያስረከበው ራዲዮ በባለቤቱ ፊት ይዳፈንበት። ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። ያመነ ይመን፤ ያላመነ ቁጭ ብሎ ይስማ፣ ሲያልቅ ያምናል።

ነገሩ የተጀመረው ደረጃ ላይ በተጣለች አንዲት ቃል ነው። አከራዩ፣ ያ የሕንፃውን ቁልፎች በሙሉ በአንድ ትልቅ ቀለበት አንጠልጥሎ እያንቃጨለ የሚሄደው ሰው፣ በማለዳ ከጥበቃው ጋር ሲወርድ «ከደረጃው ሥር ያለችውን ክፍል ለውሃ ፓምፕ እፈልጋታለሁ፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ላይ አነሳትና እጨርሳታለሁ» አለ። ጥበቃው «ልብስ ሰፊዋስ ምን ትላለች?» ቢለው፣ «እሷ ምን ልትል ትችላለች? ዝም ያለ ሰው ተስማማ ማለት ነው» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ። የክፍሏ ጣሪያ ራሱ ደረጃው ነውና ልብስ ሰፊዋ ቃሉን ከነሳቁ፣ ከነቁልፉ ቅጭልታ ሰማችው።

ክፍሏ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆምባት በሯ አጠገብ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር ጣሪያው እያጎነበሰ ይሄድና መጨረሻው ላይ ድመት እንኳ አንገቷን ደፍታ የምታልፍበት ጥግ ይሆናል። የስፌት መኪናዋ ብርሃን ፍለጋ ወደ በሩ ተጠግታለች፤ ግድግዳው ላይ ዚፖች በየቀለማቸው ተንጠልጥለዋል፤ አዝራሮች በየብልቃጡ ተለይተው ተቀምጠዋል፤ የተቀደደ ሱሪና የጠበበ ቀሚስ ተራ ይጠብቃሉ። ከራሷ በላይ የሚወጣውንና የሚወርደውን ሁሉ በጫማው ታውቀዋለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንገቷ ላይ ያበጠውን ነገር ሐኪሞች ሲያወጡላት ድምፅዋም አብሮ ወጣ። የቀራት ሹክሹክታ ነው፤ እሱም ቢሆን ጆሮን ከከንፈሯ ካላጠጉ አይሰማም። ደንበኞቿ ለምደዋታል፤ ዋጋ በጣት፣ ቀጠሮ በጭንቅላት ንቅናቄ፣ ቅሬታ በቅንድብ ይነጋገራሉ። ስብሰባ ግን በቅንድብ አይረታም።

ደግነቱ ታናሽ ወንድም አላት፤ ያውም አለቀ-በሉትን የመሰለ። እናታቸው ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስለዚህ ዛሬ ፀጉሩ ከግራና ከቀኝ እየሸሸው እንኳ እሱ «እትዬ» ይላታል፣ እሷም «አንተ ልጅ» ትለዋለች። ስሙን ያገኘው ምንም ዓይነት ብልሽት ይዘው ቢመጡ፣ ዕቃውን ገና ሳይከፍተው «አለቀ በሉት» ስለሚል ነው። ሰፈርተኛው ለፌዝ ያወጣለትን ስም እሱ እንደ ማዕረግ ተቀብሎ ከሱቁ በር በላይ በቀይ ቀለም አስጻፈው። ሱቁ ከእትዬ ክፍል ማዶ፣ መንገዱን እንደተሻገሩ ነው። ውስጡን ያየ ሰው በዓለም ላይ የተሠራ ዕቃ ሁሉ ለመሞት እዚያ የሚመጣ ይመስለዋል። ሆዳቸው የተዘረገፈ ቴሌቪዥኖች፣ ጀርባቸው የተከፈተ ስልኮች፣ ማን እንዳመጣው የተረሳ የፀጉር ማድረቂያ፣ መሐላቸው ደግሞ ብየዳ ያቃጠለው ጠረጴዛና አንድ እግሩ በካርቶን የተደገፈ ወንበር።

በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው ለእትዬ የምትናገር ሳጥን የሠራላት። ሳጥኗ ውስጥ ያለችው መዳፍ የማትሞላ፣ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ናት፤ ሌላ ቦታ በትልቅ ጎታ የሚቀመጠው ነገር ሁሉ እሷ ላይ ተጠጋግቶ ይኖራል። ከላይ ትንሽ ስክሪን፣ ከፊት መጻፊያ ቁልፎች፣ ከጎን ከአሮጌ ራዲዮ የተነቀለ ድምፅ ማጉያ አላት። የተጻፈላትን ፊደል በፊደል እየለቀመች ታነባለች። ለዚህም አለቀ-በሉት ሱቁን ዘግቶ፣ ጆንያ በመስኮቱ ላይ ጋርዶ፣ የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ከነዘሩ አንድ በአንድ በራሱ ድምፅ ቀዳ። ሚስቱ «ለሴት ልጅ የሴት ድምፅ አይሻላትም ወይ?» ብትለው፣ «የሴት ድምፅ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ድምፅ ግን አንድ ብቻ ነው ያለው» አላት። ሳጥኗ ትናንት ማምሻውን ተጠናቀቀች። እትዬ አየቻት፣ ዳበሰቻት፣ በአንድ ጣቷ ረዘም ላለ ጊዜ ስትለቅም ቆየችና፣ ሳጥኗ በአለቀ-በሉት ድምፅ፣ አለቀ-በሉትን «ራ-ት-ህ-ን ብ-ላ» ብላ አዘዘችው። ሚስቱ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱም ራቱን በላ።

እንግዲህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተዋት ነበር። አለቀ-በሉት ግን ጠዋት የአከራዩን ቃል ከእትዬ ከንፈር ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ ደሙ ሲፈላ ደግሞ ሐሳብ ይመጣለታል። ሕንፃው በሙሉ በተሰበሰበበት ሳጥኗ ስትበራ፣ ስክሪኗ ላይ «የኢንጂነር አለቀ-በሉት ሥራ» የሚል ቢታይስ? ስም የሌለው ሥራ ወላጅ እንደሌለው ልጅ ነው፤ አከራዩስ ከማን ጋር እንደገጠመ ማወቅ የለበትም? ማዕረጉን ማን እንደሰጠው የሚጠይቅ ካለ፣ የሰጠው ራሱ ነው፤ ከእሱ የበለጠ የሚያውቀው ሰው የለምና።

ስሙን ከሁሉ በፊት ለማስቀደም የሚያዋጣው ቡትሎደሯ ላይ ማስፈር ነበር። ሰሌዳዋ ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ወዲያው ኮምፒውተር አትሆንም። ገና ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው የት እንዳለች እንኳ አታውቅም። ቀድማ የምትነቃ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ቡትሎደር የሚሏት። ሥራዋ ዓይኗን ገልጣ፣ የቀረው ቤተሰብ የት እንደተኛ ፈልጋ መቀስቀስ፣ ከቀሰቀሰች በኋላም ዝም ብላ ገለል ማለት ነው። አለቀ-በሉት ይህን ለደንበኛ ሲያስረዳ ገለል ማለት የሚለውን ይዘለዋል።

አሮጌዋን ቡትሎደር የሰሌዳዋ ማስታወሻ ሁሉ ከሚቀመጥበት፣ ጥፍር ከሚያህለው ሚሞሪ ካርድ ላይ ጠራርጎ አጠፋ። ስሙን የተሸከመችውን አዲሲቷን ደግሞ ዘፈን እንደሚገለብጥ ሰው ገልብጦ ካርዱ ላይ አስገባት። ካርዱን ሰሌዳዋ ላይ ሰክቶ ማብሪያውን ተጫነ። ጭጭ። አጠፋ፣ አበራ። ጭጭ። በጆሮው አጠገብ ነቀነቃት፤ ለራዲዮ የሚሠራ ዘዴ ነው። ትናንት ራትህን ብላ ያለችው ሳጥን ዛሬ የሳሙና መያዣ ሆና ቀረች።

በዚህ መሐል እትዬ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ጆሮውን አስጠጋላት፤ «ቃሌን ልለማመድባት» አለችው።

«አለቀ በይው እትዬ» አለ። «ለስብሰባው ልብስ እያለበስኳት ነው። አሁን ብትነኪያት ጌጧ ይበላሻል።»

እትዬ ጠረጴዛውን አየች። ሳጥኗ ተከፍታ፣ አንጀቷ ተጎልጉሎ፣ ስክሪኗ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ከዚያ ወንድሟን አየችው። ላብ ከግንባሩ ወደ ቅንድቡ እየወረደ ነበር። ሸሚዙ ላይ አንድ አዝራር በአንድ ክር ተንጠልጥላ ስታይ፣ ከደረቷ ላይ መርፌዋን ነቀለች፣ እንደቆመ አዝራሯን ሰፋችለት፣ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ደረቱን በመዳፏ ቸብ አድርጋ ወጣች። እስከ በሩ ድረስ አንዳቸውም አልተናገሩም። እሱ ዝም ያለው ትንፋሹ ቆሞ ነው። እሷ ለምን ዝም እንዳለች ግን ያው እሷ ታውቃለች። ክፍሏን የወሰዱባት እንደሆነ የስፌት መኪናዋን ይዛ የት እንደምትገባ ሁለቱም ያውቁ ነበር፤ የትም።

አለቀ-በሉት ጥፋተኛውን ወዲያው አወቀው፤ ካርዱ ነው። ካርዱን የሸጠለት ደግሞ የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ካርድና ቻርጀር ደርድሮ የሚሸጠው ኦሪጅናል ነው፤ የሚሸጠው ሁሉ ኦሪጅናል መሆኑን ስለሚምል ነው እንዲህ የሚባለው።

«ይቺ ካርድህ ገደለችኝ» አለው።

«የኔ ካርድ ሰው አይገድልም። ኦሪጅናል ናት።»

«ኦሪጅናል ከሆነች ለምን ዝም አለች?»

«አንተ ጋ ገብቶ የመናገር ዕድል ያገኘ ማን አለ?»

አለቀ-በሉት ይህን እንዳልሰማ ሆኖ አለፈው። ዋጋ ጠየቀ፤ ከባለፈው ጨምሯል። ለምን ቢል፣ «ሁሉም ነገር ጨምሯል፤ አንተም ጨምረሃል» ብሎ ሆዱን አሳየው። ሦስት ጊዜ «ላንተ ስል ነው» ተብሎ አንድ ጊዜም ሳይቀነስለት ከፍሎ ወጣ። አዲሱን ካርድ ልክ እንደ አሮጌው አዘጋጀው፤ ልክ እንደ አሮጌው ጭጭ አለ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሱ ግን የሰሌዳዋን የልብ ትርታ ለመስማት ወሰነ። እንዲህ ያለች ሰሌዳ ስክሪኗ ቢጠፋም እንኳ የሆዷን የምታወጣባቸው ቀጫጭን ሽቦዎች አሏት። ሽቦዎቹን ሱቁ ውስጥ ካለው ትልቅ ኮምፒውተር ጋር ያገናኟቸውና የምትለው ሁሉ ጥቁር መስኮት ላይ በጽሑፍ ይወጣል። አገናኛቸው። መስኮቱ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ፍጥነቱን ለወጠ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራ፣ ወንበሩን ቀየረ። ጥቁር። ሚስቱ ከሥራ ለምሳ ወጥታ ምግብ በምሳ ዕቃ ይዛለት ስትመጣ ያገኘችው ጥቁሩን መስኮት በዓይኑ ሊያስፈራራው ሲሞክር ነው።

«ብላ» አለችው። «ትናንት የምትሠራ ዕቃ ምን አድርገሃት ነው እንዲህ...»

«እኔማ ምንም፣ ካርዱ ነው፣ ኦሪጅናል ያልኩት ሰውዬ...»

«ስም ልጻፍባት ስትል አልሰማሁህም መሰለህ? ተዋት አላልኩህም? እትዬ እኮ...»

«እትዬ ታያለች፣ ሕንፃው በሙሉ ያያል፣ ቆይ ይቺን ብቻ...»

«አየህ» አለች ሚስቱ፣ ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፤ «አንተ ታወራለህ፣ እኔ አወራለሁ። ሁለት አፍ ተፋጦ ምን ይረባል? አንዳችን እንኳ ጆሮ እንሁን እንጂ።»

አለቀ-በሉት መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተና እንደተከፈተ ቀረ። ዓይኑ ሽቦዎቹ ላይ አረፈ። የሰሌዳዋን የመናገሪያ ሽቦ ከኮምፒውተሩ መናገሪያ፣ መስሚያዋንም ከመስሚያው ጋር ነበር የገጠማቸው። ሁለቱ ጎረምሶች አፍ ለአፍ ገጥመው ሲጮኹ፣ ጆሮ ለጆሮ ገጥመው ሲጠባበቁ ነው ያረፈዱት። ነቀላቸውና አዟዟራቸው፤ አፍ ወደ ጆሮ፣ ጆሮ ወደ አፍ። ይህን ግኝት ያገኘው ያለማንም እርዳታ ነው፤ ሚስቱ በአጋጣሚ እዚያ ነበረች።

ጥቁሩ መስኮት ወዲያው ነጭ ጽሑፍ ማፍሰስ ጀመረ። የሰሌዳዋ አቤቱታ አጭር ነበር፤ ካርድ አግኝቻለሁ፣ መጀመሪያው ላይ ግን ማንም የለም። አለቀ-በሉት ግንባሩን መታ። ቡትሎደሯን ከሌሎች ፋይሎች ጋር በፎልደር ውስጥ ነው ያስቀመጣት፤ ፎልደር መክፈት የሚችለው ደግሞ የነቃ ኮምፒውተር ነው። ለተኛ ሰው «እንዲህ አድርገህ ተነስ» የሚል ጽሑፍ ኪሱ ውስጥ እንደመክተት ማለት ነው። ቡትሎደር የምትጻፈው ከካርዱ ግንባር ላይ፣ ሰሌዳዋ ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ሰድዳ በምትዳብሰው ቦታ ነው። እዚያው ቦታ ላይ ጻፋት። ማብሪያውን ተጫነ። ትንሿ ስክሪን በራች፣ ስሙ ከነማዕረጉ ብልጭ አለ፣ ጠፋ፣ ሳጥኗም ነቃች።

«ይኸው ሠራች። አሁን ብላ» አለች ሚስቱ።

«አየሽው ስሙን?»

«አላየሁትም። ፈጠነ።»

ይህች «ፈጠነ» የምትባል ቃል ሆዱ ገባች። ቡትሎደሯ የቀረውን ቤተሰብ ከመቀስቀሷ በፊት ምን ያህል እንደምትቆይ ማዘዝ ይቻላል። አለቀ-በሉት ስሙ ስንት ሰከንድ እንደሚገባው አሰበ፤ ለማንኛውም ሰው አንድ፣ ለትልቅ ሰው ሦስት ይበቃል፤ ለእሱ ግን ቁጥር አላገኘለትም። ስለዚህ እስክትነኪ ጠብቂ ብሎ አዘዛት። አበራት። ስሙ ወጣና ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እንደ ሐውልት። ሚስቱ አነበበችው፣ እሱም አነበበው፣ ደግሞም አነበበው። ሲጠግብ፣ የሳጥኗ የራሷ ቁልፎች ገና ስላልነቁ፣ በትልቁ ኮምፒውተር ላይ አንድ ቁልፍ ነካ፤ ሳጥኗ ነቃች፣ ጽፎ «አ-ለ-ቀ በ-ሉ-ት» አስባላት፣ አጠፋት፣ ሽቦዎቹን ነቀለ፣ ክዳኗን ገጠመ። ምሳው ቀዝቅዞ ነበር። ቢሆንም ጨረሰው።

ስብሰባው የተደረገው መሬት ቤት፣ ብስክሌትና የተሰበረ በር በሚቀመጥበት ሰፊ ክፍል ውስጥ ነው። የፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ወንበር ያላገኘ ግድግዳ ተደግፏል። ሕዝቡ ብዙ ነበር፤ አንዳንዶች ሕንፃው ውስጥ ከሚኖረው ሰው ይበልጥ ነበር ይላሉ፤ ዝናው አስቀድሞ ስለተሰማ ከሌላ ሰፈር የመጡም ሳይኖሩ አልቀሩም። አከራዩ ስለ መብራት፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ ተናግሮ ሲያበቃ ቁልፎቹን ጭኑ ላይ ዘርግፎ «ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ለፓምፕ ትለቀቃለች። የሚቃወም ይናገር» አለና ወደ እትዬ ሳያይ ወደ ጣሪያው አየ።

አለቀ-በሉት ሳጥኗን ይዞ ተነሳ፤ አበራት። ያኔ የሆነውን የነበረ ሁሉ ይመሰክራል። ሳጥኗ አፏን ስትከፍት የመስኮቱ መስታወት ተንዘረዘረ። እትዬ በጣቷ ትጽፋለች፣ ሳጥኗ በዚያ በሚያምር ወፍራም ድምፅ ታንጎደጉዳለች። ስለ ተከራይ መብት፣ ስለ ሰው ልጅ ክብር፣ ስለ ስፌት መኪና ታሪክ ሳይቀር ተናገረች። ጥበቃው ኮፍያውን አውልቆ አለቀሰ። የአከራዩ የቁልፍ ቀለበት ከጭኑ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተበተነ፤ ሰውየው ቁልፎቹን ሊለቅም አጎንብሶ ሳለ ከዚያው ሳይነሳ ይቅርታ ጠየቀ። ፓምፑ ከጓሮ እንዲተከል ተወሰነ፣ ጭብጨባው ደግሞ ማቆሚያ አጣ። ሕዝቡ አለቀ-በሉትን ሊሸከመው ፈልጎ ነበር፤ ጣሪያው ዝቅ ስላለ ነው የተረፈው።

ታሪኩ ይህ ነው። ባለፈው እሑድም አለቀ-በሉት ይህንኑ፣ ከመስታወቱ መንዘርዘር እስከ ጣሪያው ዝቅታ አንዲት ነገር ሳያስቀር፣ ከሩቅ ለመጡ ዘመዶች በእትዬ ክፍል ውስጥ ተናገረ። ዘመዶቹ ክፍሏ ስለማትበቃቸው ግማሾቹ ተቀምጠው፣ ግማሾቹ አጎንብሰው፣ የሚስቱ ወንድም ደጅ ደረጃው ላይ ሆኖ ሰሙት። ፓምፑ ከጓሮ በኩል ሲያጉረመርም ይሰማ ነበር። እትዬ በሩ አጠገብ አዝራር ትሰፋለች፤ ሲጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ሳጥኗን ወደ ጭኗ ሳበቻት። አበራቻት። ስክሪኗ ላይ ስም የሚባል ነገር ሳይታይ፣ ወዲያው ለመጻፍ ተዘጋጀች።

«ስምህስ የታለ?» አለ የሚስቱ ወንድም አንገቱን አስግጎ። «ኢንጂነር ምናምን የሚለው?»

«አንስቼዋለሁ» አለ አለቀ-በሉት፣ ድንገት የዚፕ ቀለም መምረጥ የጀመረ መስሎ። «ሰው ካወቀኝ ወዲያ ምን ያደርጋል።»

ሚስቱ ወደ እትዬ አየች። እትዬ በአንድ ጣቷ ትለቅማለች። የእትዬ አጻጻፍ ቀርፋፋ ነው፤ ሲጠብቋት ደግሞ ቤተሰቡ ዝም ማለት ስለለመደ ሁሉም ዝም አለ፣ አለቀ-በሉት ጭምር። ከዚያ ሳጥኗ በራሱ በአለቀ-በሉት ድምፅ፣ ፊደል በፊደል መናገር ጀመረች።

«ው-ሸ-ት ነ-ው።»

ክፍሏ በሳቅ ተናጋች። «እንዴ፣ በገዛ ድምፄ?» አለ አለቀ-በሉት፤ እትዬ ግን ጣቷን አላነሳችም፣ ሳቁ በረደ።

«ሳጥኗ ስሙን አሳየችና እዚያው ቆመች» አለ የአለቀ-በሉት ድምፅ። «የምትነካበት ቁልፍ ሱቅ ውስጥ ነው የቀረው። አከራዩ ሳቀ። ሰውም ሳቀ። ይሄ ልጅ ወንበር ላይ ወጥቶ ሁሉንም ዝም አሰኛቸው።»

አለቀ-በሉት ከደረቱ ላይ እትዬ የሰፋችለትን አዝራር ይዞ ያዟዙራት ጀመር። ከላያቸው አንድ ሰው ደረጃውን ወረደ፤ እትዬ እርምጃው እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ከዚያ ወርዶ ጆሮውን አፌ ላይ አደረገ። ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም፣ ክፍሌን አልለቅም አልኩት። እሱ ጮክ ብሎ ለሰው ደገመው።»

ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ወንድሟን ሳታየው የመጨረሻዋን ለቀመች፣ ሳጥኗም በአለቀ-በሉት ድምፅ፣ አለቀ-በሉት ተናግሮት በማያውቀው ዝግታ አነበበችላት።

«አን-ድ ቃ-ል አ-ል-ጨ-መ-ረ-በ-ት-ም።»